ፖርሼ 911 የገዛሁ ጊዜ

ውድ የግቢ ጓደኞቼ፣ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ በእግራችን ስንመላለስ የኖርን ሰዎች ስለ ፖርሼ ስናወራ ትንሽ ያሳፍራል። ግን ጠይቃችሁኛልና ልናገር።

በ60 ዓመቴ 911 ልግዛ ብዬ ቨርጂኒያ አንድ ሻጭ ዘንድ ሄድን። መርካቶ ለአምስት ብር የምከራከረው ሰውዬ፣ እዚያ ቡና ሲቀርብልኝ አፌ ተሳሰረ። «በወር ስንት ይመችዎታል?» አለኝ፤ እኔም ቁጥር ጠራሁ። ልፈርም ስል ባለቤቴ «ቆይ እስቲ፣ ጠቅላላው ስንት ነው?» አለች። ለካ ክፍያው 84 ወር ተዘርግቶ፣ መስኮቱ ላይ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ 15,000 ዶላር ተጨምሯል! እናቴን ስንት ዓመት በጦርኩበት። ተነሥተን ወጣን።

የመስኮቱ ወረቀት በ1958 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የሚለጠፍ ነው፤ ፋብሪካው የሚመክረውን ዋጋ ያሳያል። ሻጩ ግን ከዚያ በላይም በታችም መሸጥ ይችላል። ስለዚህ ብድሩን አስቀድሜ ከክሬዲት ዩኒየን ጨረስኩና ለአራት ሻጮች ኢሜይል ጻፍኩ፦ «ታክሱም፣ ታርጋውም፣ የወረቀት ማስጨረሻውም ተደምሮ፣ መኪናዋን ይዤ ስወጣ ስንት?» ሦስቱ «ይምጡና እንነጋገር» አሉ። አንዱ ቁጥሩን ጻፈልኝ፤ ያንን ለሌሎቹ አሳየሁ። በመጨረሻ ያለ ጭማሪ፣ በመስኮቱ ዋጋ ገዛሁ። ቅናሽ እንኳ አላገኘሁም፤ ለ911 ይህም ደግ ነው።

መኪናዋ ፓርኪንጉ ላይ ናት። መንዳት የሚያምረው ባለቤቴን ይጠይቅ፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው።