እጃቸውን ያላወረዱት ሦስቱ



ባለፈው ወር መምህራችን «ሐኪም ለመሆን የምትሹ እጃችሁን አንሡ» ቢሉን ከግማሻችን የሚበልጠው አነሣ። «መኪና በማይገባበት ወረዳ ለማከም የምትሹስ?» ሲሉ ግን ሦስት እጅ ብቻ ቀረ። ሳቅን፤ በኋላም አፈርን። ዛሬ የምንናገረው ስለዚያ ኀፍረት ነው።

እኛ የአራዳ ልጆች ነንና ሐኪም ሩቅ አይመስለንም። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ብንወርድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንደርሳለን፤ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ብንወጣ የካቲት 12 አለ። የሕክምና ተማሪዎች ነጭ ጋዋን ለብሰው ሲመላለሱ እናያለን፤ የምንመኘውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ያንን ጋዋን ነው። በሆስፒታል ደጃፍ ጋቢ ተከናንበው የሚቀመጡትን አስታማሚዎች «ከወዴት መጣችሁ?» ብንላቸው ግን ብዙዎቹ የሚነግሩን አገር በካርታ ፈልገን የምናገኘው ነው።

ከእኛ በፊት ይህን ያሰቡበት ነበሩ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት፥ በ1954፥ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንን፥ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድነት እያሠለጠነ፥ ተማሪዎቹን ገና ሳይመረቁ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። የሐኪሞች ትምህርት በዚያ የተጀመረው ዘግይቶ በ1978 ነው፤ ልማዱ ግን አልቀረም። የሕክምና፥ የነርስ፥ የአዋላጅና የላቦራቶሪ ተማሪዎች አብረው ወርደው ለሳምንታት ከሕዝቡ ጋር ይኖራሉ። ምንጩን ያያሉ፥ መጸዳጃውን ይመረምራሉ፥ እናቶችን በቤታቸው ያነጋግራሉ። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለናል፤ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ የጠጣውን ውኃ ይዞ አይመጣምና።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1868 ከመቅደላ በሕፃንነታቸው ተወስደው በህንድ አገር ሕክምና ተማሩ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። በእርሳቸው አይፈረድም። የሚያስቀው፥ ከፒያሳ ርቀን ሳንሄድ ያደግነው እኛ «ምች መታኝ» የሚለን ገበሬ ምን ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን ማለታችን ነው።

እጃቸውን ያወረዱትንም አንወቅስም። መብራት በሌለበት፥ መድኃኒት ባለቀበት ጤና ጣቢያ ወጣት ሐኪም ብቻውን ምን ይሠራል? ይህን እኛ አንመልሰውም። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ ሐኪም የሆናችሁ ታላላቆቻችን ግን በዚህ አዳራሽ ተቀምጣችኋል። በመጀመሪያው ክረምታችሁ፥ ወንዝ ሞልቶ በሽተኛ ማሻገር ሲያቅታችሁ፥ ምን እንዳደረጋችሁ ከሻይ በኋላ ንገሩን። ሦስቱ ልጆች ከፊተኛው ወንበር ይጠብቋችኋል።