አንድ ሳጥን ወይስ ሁለት?
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ትተን ስለ ኢንተርኔት መሣሪያ የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት አስከሬን ሊወጣ ሲል፣ ዐረብ አገር ያለችው ልጅ በስልክ እያየችን አብራን ታለቅስ ነበር። መብረቅ ጮኸ፤ መሣሪያው ድርግም አለ፤ ልጅቱም ጠፋች። እናቷ ከቤት ስትወጣ አላየችም።

ከዚያ ወዲህ «የቱን እንግዛ?» የሚለን በዛ። እንግዲህ ሞደም የሚባለው ከመንገድ የሚገባውን መስመር የሚቀበል ነው፤ ራውተር ደግሞ የመጣውን ለቤተሰቡ የሚያድል። በብዙዎቻችን ቤት ሁለቱ በአንድ ሳጥን ናቸው። ይኸም ክፋት የለበትም። አንድ ሶኬት ይበቃዋል፤ መብራት ሲጠፋም በትንሽ ባትሪ ይሠራል። ቤቱ አንድ ሁለት ክፍል ከሆነ ሌላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የእኛ ሰፈር ግን ሌላ ጣጣ አለው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከጓሮ ክፍል ሠርተን ለሠራተኛ ያከራየን ስንቶቻችን ነን? መሣሪያው ሳሎን ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሦስት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ ያለች ተከራይ «ዋይ ፋዩ አልይዝ አለኝ» ብትል ምን ይገርማል! (ዳንቴል የሚያለብሱትም አሉ።) እንዲህ ላለው ግቢ ራውተር ለብቻ መግዛት ይሻላል። ከሞደሙ በኔትወርክ ገመድ ተስቦ ወደ ጓሮው በኩል ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ገመዱ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል።

ስትገዙ ግን ጀርባውን እዩ። የስልክ ሽቦ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ ከሌለው ለብቻው የስልኩን መስመር አይቀበልም፤ ይህን ሳያውቁ ገዝተው የተመለሱ አሉ። ፋይበር የገባላችሁ ደግሞ የመጣላችሁን ሳጥን በሱቅ ዕቃ ለመተካት አትድከሙ፤ መስመር ሰጪው የመዘገበው መሆን አለበት። የራሳችሁን ከእሱ ኋላ ቀጥሉ። ሁለቱም አዳይ ልሁን ብለው እንዳይጋጩ፣ አዲሱን «አክሰስ ፖይንት» በሚባለው አሠራር እንዲያደርግላችሁ ለሚገጥመው ልጅ ንገሩት።

ወደ መብረቁ እንመለስና፣ እውነቱን ለመናገር ሁለት ሳጥን መብረቅ አይከለክልም። ሞደሙ ከተቃጠለ ራውተሩ ቢተርፍም የሚያድለው የለውም። የመዳብ ሽቦ መብረቅ ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ ሰማዩ ሲያጉረመርም የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ሽቦ ንቀሉ። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሳጥኑ መብራት ግን ያው ከግድግዳው ነው።

ለቅሶ ቤት እንግዲህ በአንድ መስመር መመካት አይሆንም። ኮሚቴው ከድንኳኑ ዕቃ ጋር የምትቀመጥ፣ በሲም ካርድ የምትሠራ አንዲት ትንሽ መሣሪያ እንድትገዛ ለጉባኤው አቅርቧል፤ ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው።