የአዳማ ነፋስና የጣና ውሃ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ በደቅ ደሴት የተደረገ ንግግር)



ስለ ነፋስ ኃይል ተናገሪ ስባል፣ ብዙዎቻችሁ «እዚሁ ደቅ ላይ እንትከል» እንድል ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። አልልም። ታንኳ የሚያናውጥ የከሰዓት ነፋስ ሁሉ መብራት አይሰጥም። የነፋስ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ማማ ተተክሎ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለካ ተርባይን አይቆምም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለማቆየት ደግሞ በፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ። ለደሴት ጤና ጣቢያ እሱ ይሻላል።

ለደቅ የሚጠቅመው ነፋስ አዳማ ያለው ነው። እንዴት በሉኝ።

የደሴት ሰው መንገዱ ውሃው ነው። ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ሆኜ ከደሴት የመጡ እናቶችን ተቀብያለሁ። ምጡ የጀመረው ትናንት ከሰዓት፣ እናትየው የደረሰችው ዛሬ ረፋድ። መሐሉ ማዕበሉ እስኪበርድ የተጠበቀበት ሌሊት ነው። ደም ለሚፈሳት ሴት ያ ሌሊት ምን እንደሆነ እዚህ ላለ ሐኪም አልነግረውም። በዚህ ላይ ውሃው ከሸሸ ጀልባው ወደቡንም አይደርስ።

ይኼ ደግሞ ደርሷል። በ1988 ጫራጫራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ የጣናን ውሃ ለጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ይመጥናል። በ1995 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ድርቁና ለኃይል የሚለቀቀው ውሃ ተደማምረው ሐይቁ ከመቼውም ዝቅ አለ፤ የጀልባ ጉዞ ተቋረጠ፣ ደንገሉም ተመናመነ። ከ2002 ወዲህ ደግሞ ውሃው በዋሻ ወደ በለስ ይወርዳል፤ የጣቢያው አቅም 460 ሜጋዋት ነው።

እስቲ እናስላው። ሒሳቡ የሐኪም ነው፣ መሐንዲሶቹ ታርሙኛላችሁ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትሩ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ወደ በለስ 300 ሜትር ያህል ሲወድቅ ከ20 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ በላይ ይሰጣል። በ2007 የተመረቀው የአዳማ ሁለት የነፋስ ጣቢያ አቅሙ 153 ሜጋዋት ነው። በአማካይ ሢሶውን ብቻ ቢያመነጭ እንኳ በወር 36 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የጣና አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደምሩት፤ አንድ ስንዝር ባይሞላም ከግማሹ አያንስም። ዳርቻው ዝርግ ለሆነ ሐይቅ ይህ ቀላል አይደለም።

ደግነቱ የአገራችን ነፋስ በጥቅሉ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ውሃው በሚጎድልበት ጊዜ። «ሕዳሴ አለልን አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለልን፣ እሰየው። ግን እሱም ዝናብ ጠባቂ ነው፤ ዝናቡ ሲከዳ ጣናንም ሕዳሴንም አንድ ላይ ነው የሚከዳው።

ደግሞ ነፋስ ስላመነጨ ብቻ ጣና አይተርፍም። የበለስን በር የሚያጠበው ሰው ነው። ነፋሱ እየተጨመረ በለስም እንደ ድሮው ከቀጠለ፣ ትርፉ መብራት ብቻ ነው፤ ለደቅ ጠብ የሚል ነገር የለም። ስለዚህ በኃይል ዘርፍ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በበጋ ወራት ነፋሱ እንዲቀድም፣ የሐይቁ ውሃ መጨረሻ ላይ እንዲነካ ተሟገቱልን። ከፍታው ሲወሰንም ጀልባ ነጂዎች ይጠየቁ፤ ድንጋዩ የቱ ጋ ብቅ እንደሚል ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለጤናው ወገን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ የሐይቁ ከፍታ በየሳምንቱ ይድረሰን። ውሃው መሸሽ ሲጀምር የመውለጃ ጊዜያቸው የደረሰ እናቶችን ቀድመን አሻግረን፣ ባሕር ዳር በእናቶች ማቆያ እናስቀምጣቸዋለን።