የልብ ትርታና የምንሰጠው ስም
(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ አቀበቱን ወደ መካነ ሰላም የወጣ ሰው ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ነገር ግን «ደከመኝ» ብሎ ከጥላ ሥር ያርፋል እንጂ «ሞትኩ» አይልም። ይኸው ትርታ በፈተና አዳራሽ ሲነሣ ግን ተማሪው «ታመምኩ» ይላል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መፈተን ስለ ጀመሩ፣ ይህ ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሰው ሲሰጋ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ሆድ ይላወሳል፤ እጅ ይቀዘቅዛል። አሜሪካዊው ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ይህ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚያደርገው ዝግጅት ነው።

ሥጉ ሰው ግን ሐሳቡን ከጥያቄው ነቅሎ ደረቱን ያዳምጣል፤ ባዳመጠ ቁጥር ትርታው የባሰ ይመስለዋል፤ ይህም ሌላ ፍርሃት ይወልዳል። በመሣሪያ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ እርሱ እንደ ገመተው በርትቶ አይገኝም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ልባችን ሲመታ «ሰውነቴ ለሥራ ተነሣ» እንበል፤ ትንፋሻችንን በዝግታ እናስወጣ፤ ዓይናችንን ወደ ወረቀቱ እንመልስ። ደጋግሞ የሚመጣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ግን ለሐኪም ይነገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና። ወላጆቻችንም «ልቤ መታ» ያለውን ልጅ «ሰነፍ» አትበሉት፤ የተሰማው ነገር እውነት ነውና።