የጎመን ትል መርዝን ስለ መቋቋሙ የተነገረ ንግግር



በጓሮው ጎመን የሌለው ባላገር ጥቂት ነው፤ ጎመን ተክሎ ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ያላየም እንደዚሁ ጥቂት ነው። ይህን ጥፋት ከሚያደርሱት ተባዮች አንዱ፥ ጎመን በሚበቅልበት አገር ሁሉ የሚገኝ አንድ ትንሽ የእሳት ራት ነው። ርዝመቱ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም አይበልጥም። ክንፉን አጥፎ ባረፈ ጊዜ በጀርባው ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ነጣ ያለ ምልክት ተሰልፎ ይታያልና ፈረንጆች ስሙን ከዚህ አወጡለት። ሊቃውንቱም ፕሉቴላ ይሉታል።

የሚጎዳው ግን ራቱ ሳይሆን ልጁ ትሉ ነው። እናቲቱ በቅጠሉ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ትል አስቀድሞ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይበላል፤ ኋላም ወጥቶ በቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ሲበላ የላዩን ስስ ቆዳ ይተወዋልና፥ የተበላው ስፍራ መስተዋት የገባበት መስኮት ይመስላል። ሰው የነካው እንደ ሆነ በሐር ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። በሞቃት አገር ከእንቁላል ተነሥቶ ራት እስኪሆን ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ሃያ ትውልድ ሊደርስ ይችላል። ይህ የትውልድ ብዛት ኋላ ለሚነገረው ነገር መሠረት ነውና መምህራን ልብ ይበሉት።

ጎመን ራሱ ያለ ጦር አልተፈጠረም። ሰናፍጭን ሲቀምሱት አፍንጫን የሚመታው ኀይል በጎመንም ቅጠል ውስጥ አለ፤ ብዙ ነፍሳት እርሱን ፈርተው ይሸሻሉ። ይህ ትል ግን በሆዱ ውስጥ ያንን ኀይል የሚያመክን ነገር እንዳለው በ2002 ዓ.ም. ሊቃውንት አስታወቁ፤ (በዚህ ንግግር የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። እናቲቱም ጎመኑን የምታገኘው ያንኑ ሽታ ተከትላ ነው። ለሌላው ማባረሪያ የሆነው ለእርሷ መጥሪያ ሆነ።

በ1939 ዓ.ም. ጳውል ሙለር የተባለ የስዊስ ሊቅ ዲዲቲ ተባይ ገዳይ መሆኑን አገኘ፤ ስለዚህም በ1948 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የተባይ ነገር አበቃ የሚል ተስፋ በብዙ ሰው ልብ አደረ። ነገር ግን በ1953 ዓ.ም. በጃቫ ደሴት፥ ሌምባንግ በሚባለው ደጋ አገር፥ ይህ የጎመን ትል በዲዲቲ እንደማይሞት ተጻፈ። ከዚያም ወዲህ አንዱ መርዝ በሌላው ሲተካ ትሉም ተከትሎ ብዙዎቹን ተቋቋመ። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል፥ ትልን ሲገድል ሰውን የማይጎዳ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕያው ነገር አለ፤ ለእርሻ መድኀኒት ይሆን ዘንድ ተደርጎ ሲረጭ ኖረ። በ1990 ዓ.ም. በሐዋይ ደሴቶች እርሻ ላይ ይህንንም የተቋቋመ የጎመን ትል መገኘቱ ታወቀ።

ሰዎች «ትሉ መርዙን ለመደው» ይላሉ። አነጋገሩ ያሳስታል። አንድ ትል መርዝ ቀምሶ ጠንክሮ አይነሣም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከብዙ ሺህ ትል መካከል ጥቂቶቹ ከፍጥረታቸው ጀምሮ መርዙ የማይሠራባቸው ይሆናሉ። መርዙ በተረጨ ጊዜ የቀሩት ይሞታሉ፤ እነዚያ ተርፈው እርስ በርሳቸው ይዋለዳሉ። ገበሬ ከአውድማው ምርጡን ለዘር ለይቶ እንደሚያስቀምጥ፥ መርዙም ለትሉ ዘር መራጭ ሆነለት ማለት ነው። ገበሬውም ትሉ አልሞት ሲለው መጠኑን ይጨምራል፥ ቀኑን ያቀራርባል፤ ምርጫውም በዚያው ልክ እየፈጠነ ይሄዳል። ነጋዴው መርዙን አቅጥኖ ሸጠልኝ ብሎ መክሰስ አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ ነገር ግን ያለ በደሉ የሚወቀስም ነጋዴ አለ። ከዚህም ጋር በየቀኑ የተረጨውን ቅጠል የሚበላው ሰው መሆኑ አይዘነጋ።

ሌላም ጉዳት አለ። ይህን ትል የምታጠፋ ዲያዴግማ የምትባል ደቃቅ ተርብ አለች፤ እንቁላሏን በትሉ ሥጋ ውስጥ ትጥላለች፥ ልጇም ትሉን ከውስጥ በልቶ ያድጋል። መርዙ ትሉን ሳይገድል ተርቧን ይገድላል። በ1970 ዓ.ም. በናይሮቢ የተቋቋመው ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ተቋም ይህችን ተርብ ከታይዋን አስመጥቶ በ2002 ዓ.ም. በኬንያ በታይታ ኮረብቶች ለቀቃት። ተርቧም አገሩን ለመደች፤ ትሉም በእጅጉ አነሰ።

ሊቃውንት በተክሉም በኩል ፈልገዋል። የተለመደው ጎመን ቅጠሉ ሰም መሰል አመድማ ነገር የለበሰ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በጄኔቫ ያለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሊቃውንት ከአውስትራሊያ የመጣ፥ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አበባ ጎመን መረመሩ። በእንዲህ ያለው ቅጠል ላይ የተፈለፈለ ትል ተቀምጦ መብላቱን ትቶ ወዲያና ወዲህ ሲንከራተት ይጠፋል። ይሁን እንጂ የሚያብረቀርቀውን ቅጠል እንደ ቁንጫ የምትዘል ጥንዚዛ አብልጣ ትወደዋለች፤ ከአንዱ ጠላት የዳነው ለሌላው ይጋለጣል።

ብርቱ ዝናም ትሉን ከቅጠል አጥቦ ያወርደዋልና ጥፋቱ የሚበዛው በበጋ፥ በመስኖ በለማው ጎመን ላይ ነው። መምህሩ በዚያ ወራት ተማሮቹን ወደ ጓሮ አውጥቶ ቅጠሉን ገልብጠው እንዲያዩ ያድርግ። ትሉ ሙሽሬ ሲሆን እንደ መረብ የሳሳ ነጭ ሽፋን በላዩ ይሠራል። በመረቡ ውስጥ የሚታየው የራቱ ሙሽሬ ሳይሆን ድፍንና ጠቆር ያለ ቅርፊት ከሆነ ተርብ አድራበታለችና፥ ተማሮቹ ያንን ቅጠል ሳይቀጥፉ ለባለ ጓሮው ያሳዩት።