በእጅና በእግር ላይ ውኃ ስለሚቋጥር ችፌ የተሰጠ ንግግር



በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፥ በሰው ቆዳ ላይ የወጣው ምልክት ያጠራጠረ እንደ ሆነ፥ ካህኑ ሰባት ቀን አቈይቶ ዳግመኛ ያየዋል እንጂ ወዲያው አይፈርድበትም። አንዳንድ ሰው ግን የባልንጀራው እጅ ውኃ ቋጥሮ ባየ ጊዜ፥ ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ከመሶብ ይለየዋል፤ የታመመውም እጁን በነጠላው ሸፍኖ በኀፍረት ይኖራል። ስለዚህ ደዌን ከደዌ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ይህ ችፌ የሚወጣው በጣቶች ጐንና በመዳፍ፥ በውስጥ እግርም ነው። አስቀድሞ ያሳክካል፥ ያቃጥላልም፤ ቀጥሎ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ፥ ከቆዳው ውስጥ ጠልቀው የተቀበሩ የሚመስሉ፥ ጥሩ ውኃ የቋጠሩ ፍሬዎች ይታያሉ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይደርቃሉ፤ ቆዳውም ይላጣል፥ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይነሣል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. ቲልበሪ ፎክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለዚህ ደዌ ሲጽፍ፥ የታገደ ላብ የሚያመጣው መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ከላብ መውጫ የሚነሣ አለመሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የሥጋ ደዌን ተሕዋስ አገኘ። ሁለቱ በሊቃውንት ዘንድ ከተለዩ ዘመን አልፏል፤ በሰው አፍ ግን ይደባለቃሉ።

የሥጋ ደዌ ምልክት ሲነኩት የማይሰማ፥ የደነዘዘ ቆዳ ነው፤ ችፌው ግን አጥብቆ ያሳክካል። እከክ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ይወጣል፥ ሌሊት ይብሳል፥ ለቤተ ሰቡም ይተርፋል፤ ይህ ችፌ ግን ከሰው ወደ ሰው ከቶ አይተላለፍም። በእግር ጣቶች መካከል ፈንገስ ያለበት ሰው በእጁም ውኃ ሊቋጥር ይችላልና፥ እጁን የታመመ እግሩን ደግሞ ያሳይ።

ሙቀት፥ ጭንቀት፥ ሳሙናና ውኃ ማብዛት፥ ኒኬል የተባለውም ብረት ያስነሡታል። ስለዚህ የቋጠረውን አያፈንዱ፤ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያብርዱት፤ ቆዳውን ቅባት ይቀቡት፤ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢያመጣ ፈጥነው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ካህኑ ዳግመኛ ለማየት ሰባት ቀን ከታገሠ፥ ጎረቤትም ሳይመረምር ከመፍረድ ይታገሥ። መሶቡም ለታመመው እንደ ወትሮው ይቅረብለት።