ታሪካችንን ማን ይናገር?

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ስለ አንድ የጎንደር ተወላጅ የፊልም ሰው ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እኒህ ሰው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ምናልባት ከወላጆች አንዳንዶች፣ «ሲኒማ የሥራ ፈት ነገር ነው፤ ለተማሪ ምን ይረባዋል?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ታሪኩን ሌላ ሰው የሚናገርለት ሕዝብ ራሱን በሌላ ዓይን ማየት እንደሚለምድ ከእኒህ ሰው ሕይወት ተነሥቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኃይሌ በ1946 በጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ገሪማ ታፈረ የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፋቸው ያቆዩልን፣ ተውኔትም ይደርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ልጁ በቤቱ የአገሩን ጀግኖች ታሪክ ይሰማ ነበር፤ በሲኒማ ቤት ግን የሚያየው የሰው አገር ጀግና ነበር። ኃይሌ በኋላ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው በፊልም ያዩትን የካውቦይ ጦርነት በጎንደር ተራሮች ላይ ሲጫወቱ ልባቸው ሁልጊዜ ከካውቦዮቹ ጋር ነበር፤ ቀይ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ አልነበረም። ታርዛን የሚባለውን ነጭ አፍሪካውያን ከኋላው ሲያደቡበትም፣ እነዚያ የአፍሪካ ልጆች እንዲጠነቀቅ ይጮሁለት ነበር።

ይህ ሲሰሙት ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ያሳዝናል። ልጆቹን ማንም አላስገደዳቸውም። በጨለማ ቤት ውስጥ የተዘረጋ አንድ ነጭ ሸራ ብቻ ከገዛ ወገናቸው ለይቶ በሌላው ወገን አሰለፋቸው።

ኃይሌ በ1960ዎቹ ማለቂያ ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ በቺካጎ ቴአትር ተማሩ። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። በዚያም እንደ ቻርልስ በርኔት ካሉ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ጋር ሆነው፣ ሆሊውድ ሊያሳየው ያልፈለገውን የጥቁር ሕዝብ ኑሮ በጥቂት ገንዘብ እየቀረጹ ማሳየት ያዙ።

በአገራችን የተውኔት ፊልም ከእርሳቸው በፊትም ተሠርቷል፤ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው ለዚህ ምስክር ነው። የኃይሌ ፈር ቀዳጅነት የኢትዮጵያን ገበሬ በገዛ ቋንቋው እያናገሩ በዓለም ፊት ማቆማቸው ነው። በ1974፣ በአብዮቱ ዓመት፣ ገና ተማሪ ሳሉ ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ቀረጹ። የቀረጻው ጊዜ አጭር፣ ፊልሙም ቀለም የሌለው ጥቁርና ነጭ ነበር። ባለመሬቱ ከፍ ካለ ስፍራ ተቀምጦ ይሳደባል፤ የጭሰኛው ቤተ ሰብ ከታች ያርሳል። ፊልሙ አይቸኩልም፤ በሬው እንደሚራመድ ይራመዳል። ተመልካቹም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጦ የድካምን ርዝመት በገዛ አካሉ ይቀምሰዋል። ይህ ሥራ ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ታድሶ ተጠብቆ ይገኛል።

ከ1975 ጀምሮ ኃይሌ በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመታት አስተምረዋል። በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን፣ ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረውን ፊልማቸውን አወጡ። ቃሉ በጋና አገር በአካን ቋንቋ፣ ተመልሰህ የተውኸውን አንሣ የማለት ትርጉም አለው። ፊልሙ በበርሊን ታላቅ ውድድር ላይ ቢታይም፣ የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ሊቀበሉት አልፈቀዱም። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ፊልሙን ለሕዝብ አሳዩ፤ ሕዝቡም በብዛት መጣላቸው። «በር ቢዘጋ መስኮት ይከፈታል» ብሎ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ተከራይቶ በሩን ራስ መክፈት ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመለስ። በ2008 የወጣው «ጤዛ» የተባለው ፊልም መንደሩ በጣና ዳር ነው። አንበርብር የሚባል ሰው በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ በደርግ ዘመን የጓደኛውን መገደል አይቶ፣ በጀርመንም በዘረኞች እጅ ተጐድቶ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። በዚያም ወጣቶች ለጦርነት እንዳይወሰዱ ተሸሽገው ያገኛቸዋል። የተማረው ትምህርት ለመንደሩ ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ ያስጨንቀዋል፤ በመጨረሻም የመንደሩን ልጆች ለማስተማር ይቆማል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት ተቀበለ፤ በ2009ም በዋጋዱጉ በአፍሪካ ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ አገኘ።

ውድ ጓደኞቼ፤ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ እንበተናለን። አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዱም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። መሄዱ ነውር አይደለም፤ ኃይሌም ሄደዋል፤ ኑሯቸውንም በዚያው መሥርተዋል። ነገር ግን ካሜራቸው ወደ ጎንደርና ወደ ጣና መመለሱን አልተወም። በወንጌል እንደ ተማርነው መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው መክሊቱ ስላነሰ አይደለም፤ ስለ ቀበረው ነው።

ክቡራን ወላጆች፤ ከእናንተ አንድ ነገር እንለምናለን። ደንገሉ እንዴት ታስሮ ታንኳ እንደሚሆን፣ በክፉው ዘመን ማን ማንን እንደ ሸሸገ፣ የገዳማቱ መጻሕፍት እንዴት እንደ ተጠበቁ ንገሩን። እናንተ ካልነገራችሁን ሸራው ይነግረናል፤ ያን ጊዜ እኛም እንደነዚያ ልጆች ለታርዛን እንጮሃለን። ከነገራችሁን ግን፣ በብዕርም ሆነ በካሜራ፣ ለሚከተሉን እናደርሰዋለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።